ፍኖተ ትእዛዝ፦ የዳታቤዝ ፕሮግራሞች በስማቸው ብቻ ሲጠሩ እንዲመጡ የማድረግ መመሪያ

ፖስትግሬስኪውኤል የተባለውን የዳታቤዝ ፕሮግራም በኡቡንቱ ላይ የጫነ ሰው፣ ጭነቱ ያለ አንዳች እንከን መፈጸሙን በዓይኑ ከተመለከተ በኋላ፣ ተርሚናሉን ከፍቶ ዳታቤዙን የሚያስነሣውንና የሚያቆመውን «ፒጂ_ሲቲኤል» የተባለውን ትእዛዝ ሲጽፍ፣ ሼሉ «እንዲህ ያለ ትእዛዝ አላገኘሁም» ብሎ ቢመልስለት፣ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ፕሮግራሙን ነቅሎ እንደ ገና መጫን ነው፤ ያው መልስ ሁለተኛ ሲመጣበት ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ያበራል፤ ሦስተኛ ሲመጣበት ግን የሥራ ባልደረባውን ይጠራል። ፕሮግራሙ ከፊተኛው ጭነት ጀምሮ በቦታው ተቀምጧል። የጎደለው ወደ እርሱ የሚወስደው መንገድ ነው፤ መንገዱም ቢሆን የሌለ ሳይሆን ለሼሉ ያልተነገረ ነው።

ያንን መንገድ እንዴት አድርገው እንደሚነግሩት በተራ አስረዳዎታለሁ። ትእዛዞቹ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለ ሆነ፣ እኔ እዚህ በድምፃቸው የጻፍኋቸውን እርስዎ ወደ ላቲኑ እየመለሱ እንዲጽፏቸው፣ ምልክቶቹን ግን፣ ማለት እዝባሩን፣ የዶላሩን ምልክትና የእኩል ይሆናል ምልክቱን፣ እንዳሉ እንዲወስዷቸው አስቀድሜ እለምናለሁ።

ሼል በሰውና በኮምፒዩተሩ መካከል ቆሞ ትእዛዝ የሚቀበል ፕሮግራም ነው፤ በኡቡንቱ የተለመደው ባሽ የተባለው፣ ብራያን ፎክስ በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ይህ አገልጋይ የተጠራውን ስም በዲስኩ ሁሉ እየዞረ አይፈልግም። በአንድ ደብር ዕቃ ቤት ውስጥ ብዙ ሣጥኖች አሉ እንበል፤ ዲያቆኑም «ዳዊት አምጣ» ተብሎ ሲላክ፣ «በመጀመሪያ በበሩ አጠገብ ያለውን ሣጥን፣ ቀጥሎ በመስኮቱ ሥር ያለውን፣ ከዚያም በጥጉ ያለውን ክፈት፤ ከእነዚህ ውጭ እጅህን አትስደድ፤ ዳዊት የሚል ባገኘህበት በፊተኛው ሣጥን ፍለጋህን አቁመህ እርሱን ይዘህ ና» የሚል ሥርዓት ተሰጥቶት እንደ ሆነ፣ የተሻለው ዳዊት በአራተኛው ሣጥን ቢኖር እንኳ አያየውም፤ በሦስቱ ውስጥ ካጣም «የለም» ብሎ ይመለሳል እንጂ ወደ አራተኛው አይሻገርም። የሼልም ጠባይ ይኸው ነው። የሣጥኖቹ ዝርዝር በእርሱ ቋንቋ ፓዝ ይባላል፤ በአራት ዐቢይ የላቲን ፊደላት፣ በፒ፣ በኤ፣ በቲና በኤች ይጻፋል። ትርጓሜው መንገድ ስለ ሆነ እኔ በግእዙ ፍኖት እለዋለሁ፤ ፎልደር የተባለውንም፣ አባቶቻችን መጽሐፍን ከሚያኖሩበት የቆዳ ከረጢት ስም ወስጄ፣ ማኅደር እለዋለሁ።

የመጀመሪያው ሥራ ዝርዝሩ አሁን ምን እንደሚል ማየት ነው። ተርሚናሉን ይክፈቱና «ኤኮ "$ፓዝ"» ብለው ይጻፉ። የሚመጣልዎት መልስ «/ዩኤስአር/ሎካል/ቢን:/ዩኤስአር/ቢን:/ቢን» የሚል፣ ወይም ከዚህ የረዘመ፣ ማኅደሮቹ በሁለት ነጥብ የተለያዩበት አንድ መሥመር ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ያንብቡት፤ የፍለጋው ቅደም ተከተልም በዚያው አቅጣጫ ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ብቻ የሚገባ ማስጠንቀቂያ አለ። በብራና ዘመን ቃልን ከቃል ስንለይበት የኖርነው ሁለት ነጥብና ሼሉ ማኅደርን ከማኅደር የሚለይበት ሁለት ነጥብ ለዓይን አንድ ዓይነት ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የቁልፍ ሰሌዳዎ በአማርኛ ላይ እንዳለ ዘንግተው «፡»ን ቢጽፉ፣ ሼሉ መለያ መሆኑን አያውቅም፤ የማኅደሩ ስም አንድ ክፍል ነው ብሎ ይቀበለውና ሁለቱን ማኅደሮች አጣብቆ፣ በዓለም ላይ የሌለ አንድ ረጅም ማኅደር ይፈልጋል። የስሕተት ቃልም አይናገርም፤ የሌለ ማኅደር በዝርዝሩ ውስጥ ቢገኝ ዝም ብሎ ያልፈዋልና። እኔ ይህን ስሕተት በሌላ ሰው ማሽን ላይ ለማግኘት ከቀትር በኋላ ያለውን ጊዜ ሁሉ ፈጅቻለሁ፤ መሥመሩን አሥር ጊዜ ባነበውም ዓይኔ የሚያየው ትክክለኛውን ነበር። ስለዚህ ይህን ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ሰሌዳውን ወደ ላቲኑ ይመልሱ።

ቀጥሎ ፕሮግራሙ ያለበትን ማኅደር ማወቅ ያስፈልጋል። በኡቡንቱ 24.04 የሚመጣው 16ኛው ፖስትግሬስኪውኤል ነው፤ ፕሮግራሞቹም የሚቀመጡት «/ዩኤስአር/ሊብ/ፖስትግሬስኪውኤል/16/ቢን» በተባለው ማኅደር ውስጥ ነው። ቁጥሩ በስሙ መካከል የገባው በከንቱ አይደለም፤ የዴቢያንና የእርሱ ልጅ የኡቡንቱ አዘጋጆች 15ኛውና 16ኛው በአንድ ማሽን ላይ ሳይጣሉ ጎን ለጎን እንዲኖሩ ስለ ፈለጉ ነው። የእርስዎ ማሽን ሌላ ዓይነት ከሆነና ቦታውን ካላወቁት፣ «ሱዶ ፋይንድ / -ኔም ፒጂ_ሲቲኤል» ብለው ይጻፉ፤ ይህኛው ትእዛዝ በእውነት ዲስኩን ሁሉ እየዞረ ይፈልጋል፤ ስለዚህም ይዘገያል፤ ይታገሡት።

«ታዲያ ፒኤስኪውኤል የተባለው ትእዛዝ ያለ ምንም ድካም የሚመጣልኝ ለምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። በ«/ዩኤስአር/ቢን» ውስጥ በዚህ ስም የተቀመጠው ፕሮግራሙ ራሱ አይደለም፤ ዴቢያኖች ያኖሩት መራጭ ነው። ሲጠራ የትኛው ዳታቤዝ እንደሚፈለግ ይመለከትና ለእርሱ የሚስማማውን፣ የ15ኛውን ወይም የ16ኛውን እውነተኛ ፕሮግራም፣ ያስነሣል። ለ«ፒጂ_ሲቲኤል»ና ዳታቤዝን ከባዶ ለሚመሠርተው ለ«ኢኒትዲቢ» ግን እንዲህ ያለ መራጭ አልተደረገላቸውም፤ የማይገኙትም ስለዚህ ነው።

አሁን የጉዳዩ ልብ ወደ ሆነው ነገር ደረስን፤ ይኸውም አዲሱ ማኅደር በዝርዝሩ መጀመሪያ ይግባ ወይስ በመጨረሻው የሚለው ነው። ብዙ መመሪያዎች ይህን ሳያነሡት ያልፋሉ፤ እኔ ግን ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ በዚህ ሥራ ውስጥ የለም እላለሁ። በኡቡንቱ ላይ ማኅደሩን በመጀመሪያ ቢያስገቡት፣ «ፒጂ_ሲቲኤል» ይገኛል፤ ነገር ግን «ፒኤስኪውኤል» ሲሉ መራጩን ዘልለው ሁልጊዜ የ16ኛውን ያገኛሉ፤ ነገ 17ኛውን ሲጭኑ፣ ሳያውቁት በአሮጌው ሲሠሩ ይኖራሉ። በመጨረሻ ቢያስገቡት ግን መራጩ በቦታው ሆኖ ይቀድማል፤ የጎደሉት ብቻ ከአዲሱ ማኅደር ይመጣሉ። ስለዚህ በኡቡንቱና በዴቢያን ላይ መጨረሻው ይሻላል። አሮጌ ፕሮግራም በ«/ዩኤስአር/ቢን» ውስጥ ተቀምጦ አዲሱን በሚጋርድበት ማሽን ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አዲሱ ካልቀደመ መግባቱ አይጠቅምም። ይህን ቸል ማለት ምን እንደሚያመጣ ከታች፣ በራሴ ላይ የደረሰውን ስናገር ይረዱታል።

መሥመሩ ራሱ አጭር ነው፦

«ኤክስፖርት ፓዝ="$ፓዝ:/ዩኤስአር/ሊብ/ፖስትግሬስኪውኤል/16/ቢን"»

«ኤክስፖርት» የሚለው ቃል፣ ዝርዝሩ ከዚህ ሼል ለሚወለዱ ፕሮግራሞች ሁሉ እንደ ርስት እንዲተላለፍ ያዛል። «$ፓዝ» ማለት «እስከ አሁን የነበረው ዝርዝር እንዳለ» ማለት ነው፤ እርሱን የረሳ ሰው አዲስ ማኅደር የጨመረ ይመስለዋል እንጂ አሮጌዎቹን ሁሉ አጥፍቷል። በእኩል ይሆናል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ አይተዉ። ከትእምርተ ጥቅሶቹም ድርቡን ይጠቀሙ፤ ነጠላውን ቢጠቀሙ ሼሉ የዶላሩን ምልክት መተርጎም ትቶ እንደ ተራ ፊደል ይቀበለዋል፤ ወዲያውም የማኅደር ይዘት የሚያሳየው «ኤልኤስ» እንኳ ሳይቀር ሁሉም ትእዛዝ «አልተገኘም» ይልዎታል። ይህ ቢደርስብዎ አይደንግጡ፤ ፕሮግራሞቹ አልሸሹም። «ፓዝ=/ዩኤስአር/ቢን:/ቢን» ብለው ይጻፉ፤ ሼሉ ወደ ልቦናው ይመለሳል። በመሥመሩ መጨረሻ ሁለት ነጥብ እንዳይቀር፣ በመካከልም ሁለት ሁለት ነጥቦች ተከታትለው እንዳይገቡ ይጠንቀቁ፤ ሼሉ ባዶውን ቦታ «አሁን የቆምህበት ማኅደር» ብሎ ስለሚተረጉመው፣ ሌላ ሰው በጋራ ማኅደር ውስጥ በታወቀ ትእዛዝ ስም ያኖረውን ክፉ ፋይል ሳያውቁ ሊያስነሡ ይችላሉ።

ይህን መሥመር በተርሚናሉ ላይ ብቻ ቢጽፉት፣ መስኮቱ ሲዘጋ አብሮ ይሞታል። እንዲጸና ሼሉ ሲነሣ በሚያነበው ፋይል ውስጥ መጻፍ አለበት፤ የትኛው ፋይል ነው ሲባል ደግሞ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ይህ ነው። ባሽ ሁለት ዓይነት አነሣሥ አለው። ተጠቃሚው በስሙና በምሥጢር ቃሉ ሲገባ፣ ለምሳሌ ከሩቅ በኤስኤስኤች ሲገባ የሚነሣው ሼል የመግቢያ ሼል ይባላል፤ እርሱም በቤት ማኅደርዎ ውስጥ በመጀመሪያ «.ባሽ_ፕሮፋይል»ን፣ ያ ከሌለ «.ባሽ_ሎግኢን»ን፣ እርሱም ከሌለ «.ፕሮፋይል»ን ይፈልጋል፤ ያገኘውን የፊተኛውን ብቻ አንብቦ ሌሎቹን አይነካም። በኡቡንቱ ዴስክቶፕ ላይ የተርሚናል መስኮት ሲከፈት የሚነሣው ሼል ግን የመግቢያ አይደለም፤ የሚያነበውም «.ባሽአርሲ»ን ነው። በኡቡንቱ አዲስ ተጠቃሚ ሲፈጠር «.ፕሮፋይል» ይሰጠዋል፤ «.ባሽ_ፕሮፋይል» ግን አይሰጠውም። እንግዲህ አንድ ሰው በሌላ መመሪያ ተመርቶ «.ባሽ_ፕሮፋይል» የሚባል አዲስ ፋይል የፈጠረ እንደ ሆነ፣ ያ አዲሱ ፋይል ነባሩን «.ፕሮፋይል» ይጋርደዋል፤ በነባሩ ውስጥ የነበረውም ሁሉ፣ «.ባሽአርሲ»ን እንዲያነብ የሚያዝዘው ቃል ጭምር፣ በመግቢያ ሼል ዘንድ ሳይነበብ ይቀራል።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ በኡቡንቱ ላይ መሥመሩን በ«.ፕሮፋይል» መጨረሻ ላይ ይጻፉት፤ ዴስክቶፑም ሲገቡ ይህን ፋይል ያነበዋልና፣ ከእርሱ የሚወለዱት የተርሚናል መስኮቶች ፍኖቱን ይወርሳሉ። «ናኖ ~/.ፕሮፋይል» ብለው ይክፈቱ፤ ወደ ታች ይውረዱ፤ መሥመሩን ያስገቡ፤ ኮንትሮልንና ኦን አንድ ላይ ተጭነው ኢንተር በማለት ያስቀምጡ፤ በኮንትሮልና በኤክስ ይውጡ። በ«.ባሽአርሲ» ውስጥ ቢጽፉትም ይሠራል፤ ዳሩ ግን ሼል ከሼል በተወለደ ቁጥር ያው ማኅደር እየተደገመ ስለሚጨመር ዝርዝሩ ይንዛዛል። ከዚያ በኋላ ከኮምፒዩተሩ ወጥተው እንደ ገና ይግቡ፤ መውጣት ካልፈለጉ ለጊዜው «ሶርስ ~/.ፕሮፋይል» የሚለው ትእዛዝ ፋይሉን በዚያው መስኮት ያስነብበዋል።

ሥራው መፈጸሙን ለመመርመር «ታይፕ -ኤ ፒጂ_ሲቲኤል» ይበሉ። ይህ ትእዛዝ በዝርዝሩ ውስጥ በዚህ ስም ያሉትን ሁሉ በቅደም ተከተላቸው ይቈጥርልዎታል፤ ከሁሉ በላይ የተጻፈው ሲጠሩ የሚመጣው ነው። ብዙዎች «ዊች» በተባለው ትእዛዝ ይፈትሻሉ፤ እርሱ ግን የፊተኛውን ብቻ ስለሚያሳይ፣ የተጋረደ ሌላ ፕሮግራም መኖሩን አይነግርዎትም። ባሽ አንድ ጊዜ ያገኘውን ቦታ በኅሊናው የመያዝ ልማድም አለው፤ ፕሮግራሙ ቦታ ቢለውጥ ባሽ በአሮጌው አድራሻ ሲያንኳኳ ያገኙታል። «ሃሽ -አር» ሲሉት የያዘውን ይረሳል።

በማክ የሚሠሩ አንባቢዎች ከ2019 እ.ኤ.አ. ካታሊና ጀምሮ የተለመደው ሼል ዚኤስኤች መሆኑን አውቀው መሥመሩን በ«.ዚኤስኤችአርሲ» ውስጥ ይጻፉ፤ ከማይኤስኪውኤል ጫኚ የመጡት ፕሮግራሞች በ«/ዩኤስአር/ሎካል/ማይኤስኪውኤል/ቢን» ይገኛሉ፤ የቀረው ሁሉ ከላይ እንደ ተባለው ነው።

ኦራክል ግን ለብቻው የሆነ ጠባይ አለው። እርሱ በፍኖት ብቻ አይረካም፤ «ኦራክል_ሆም» የተባለውን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተተከለበትን ማኅደር፣ «ኦራክል_ኤስአይዲ» የተባለውንም፣ ማለትም የዳታቤዙን መጠሪያ፣ አስቀድመው እንዲነግሩት ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ «$ኦራክል_ሆም/ቢን» በፍኖቱ ይጨመራል። በኦራክል_ሆም መጨረሻ ላይ አንዲት ትርፍ እዝባር ብትገባ፣ ለእኛ ያው ማኅደር ነው፤ ኦራክል ግን የማኅደሩን ስምና መጠሪያውን አዋሕዶ ዳታቤዙን የሚያገኝበትን ቁልፍ ስለሚያወጣ፣ በእዝባሯ ምክንያት ሌላ ቁልፍ ይወጣል፤ ዳታቤዙም ቆሞ እየሠራ ሳለ «ከተኛ ዳታቤዝ ጋር ተገናኝተሃል» ይልዎታል። እነዚህን መሥመሮች በእጅ ከመጻፍ ይልቅ፣ ከኦራክል ጋር የሚመጣውን «ኦራኤንቭ» የተባለ ፋይል ማስነበብ ይሻላል፤ እርሱ በ«/ኢቲሲ/ኦራታብ» የተመዘገበውን እያየ ሁሉን ያሰናዳል።

የፖስትግሬስኪውኤል የምሥጢር ቃልዎን ግን፣ «ፒጂፓስወርድ» በሚባለው ስም ከፍኖቱ አጠገብ በ«.ፕሮፋይል» ውስጥ መጻፍ ይቅርብዎ፤ ከዚያ ሼል የሚወለድ ፕሮግራም ሁሉ ይወርሰዋልና። «.ፒጂፓስ» የተባለ ፋይል በቤት ማኅደርዎ ይፍጠሩ፤ የሰርቨሩን ስም፣ የበሩን ቁጥር፣ እርሱም በልማድ 5432 ነው፣ የዳታቤዙን ስም፣ የተጠቃሚውን ስምና የምሥጢር ቃሉን በሁለት ነጥብ እየለዩ በአንድ መሥመር ይጻፉ፤ «ሲኤችሞድ 600 ~/.ፒጂፓስ» ብለውም ከሌላው ዓይን ይሠውሩት። ይህ ካልተደረገ ፖስትግሬስኪውኤል ራሱ ፋይሉን ማንበብ እምቢ ይላል።

አሁን ልነግርዎ ቃል ወደ ገባሁት ታሪክ እመለሳለሁ። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ዳታቤዙን ከ13ኛው ወደ 16ኛው አሳድጌ ነበር። ማሽኑ የሬድሃት ወገን ስለ ሆነ አዲሶቹ ፕሮግራሞች በ«/ዩኤስአር/ፒጂኤስኪውኤል-16/ቢን» ተቀመጡ፤ አሮጌው የቅጂ ፕሮግራም «ፒጂ_ደምፕ» ግን በ«/ዩኤስአር/ቢን» እንዳለ ቀረ። እኔም አዲሱን ማኅደር በፍኖቴ መጀመሪያ አስገባሁ፤ ቅጂውን በእጄ ሞከርሁት፤ ሠራ። ትእዛዝን በተቀጠረለት ሰዓት በሚያስነሣው በክሮን ሌሊት ሌሊት እየተነሣ ዳታቤዙን ቀድቶ በጂዚፕ የሚያጨምቅ ስክሪፕትም ነበረን፤ እርሱም በየማለዳው አዲስ ፋይል በየቀኑ ስም አኑሮ ይገኝ ነበር። በ11ኛው ቀን አንድ ሠንጠረዥ በስሕተት ተደምስሶ ቅጂው ሲፈለግ፣ የፋይሎቹን መጠን ተመለከትሁ፤ አሥራ አንዱም እያንዳንዳቸው 20 ባይት ነበሩ። ጂዚፕ ምንም ሳይሰጡት ምንምን ሲያጨምቅ የሚያወጣው መጠን ይኸው ነው።

ምክንያቱ ሁለት እጥፍ ነበር። ክሮን «.ፕሮፋይል»ንም ሆነ «.ባሽ_ፕሮፋይል»ን አያነብም፤ የሚሰጠውም ፍኖት «/ዩኤስአር/ቢን:/ቢን» ብቻ ነው፤ ስለዚህ እኔ በቀን የማገኘው 16ኛው ሲሆን እርሱ በሌሊት የሚያገኘው 13ኛው ነበር። ፒጂ_ደምፕ ደግሞ ከራሱ ዕድሜ የሚበልጥ ሰርቨርን መቅዳት በሕጉ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ የቁጥሩን አለመስማማት ተናግሮ ወዲያው ያቆማል። የአንዱን ውጤት ለቀጣዩ በሚያቀብለው ቧንቧ የተያያዙ ሁለት ትእዛዞች ሲነሡ ግን ሼሉ ስኬትን የሚፈርደው በመጨረሻው ትእዛዝ ነው፤ ጂዚፕም ባዶውን በሚገባ አጨምቋልና፣ ስክሪፕቱ በየሌሊቱ «በሰላም ተፈጸመ» ብሎ ይመዘግብ ነበር።

እንግዲህ በክሮን የሚነሣ ነገር ካለዎት፣ በስክሪፕቱ ራስ ላይ «ሴት -ኦ ፓይፕፌይል» ብለው ይጻፉ፤ ይህም በቧንቧው ውስጥ አንዱ ትእዛዝ ቢወድቅ ሁሉ እንደ ወደቀ እንዲቈጠር ያደርጋል። ፕሮግራሙንም በስሙ ብቻ ሳይሆን እስከ ማኅደሩ ሙሉ አድራሻውን ጽፈው ይጥሩት። በክሮን ዝርዝር ራስ ላይ «ፓዝ=» ብለው መጻፍም ይቻላል፤ ነገር ግን ክሮን «$ፓዝ»ን ስለማይተረጕም ማኅደሮቹን ሁሉ አንድ በአንድ መዘርዘር ይኖርብዎታል። ከዚያም ሌሊቱን ሳይጠብቁ፣ ክሮን የሚያየውን በቀን ለማየት ይህን ይጻፉ፦

«ኤንቭ -አይ ፓዝ=/ዩኤስአር/ቢን:/ቢን ኤስኤች -ሲ 'ፒጂ_ደምፕ --ቨርዥን'»

የሚመልስልዎት ቁጥር ከሰርቨሩ ቁጥር ካነሰ፣ በስክሪፕቱ ውስጥ ሙሉውን አድራሻ ያልጻፉበት ቦታ ካለ ዛሬውኑ ይጻፉት፤ በማግሥቱም ጧት «ኤልኤስ -ኤል» ብለው የቅጂውን ፋይል መጠን በዓይንዎ ይመልከቱ።